አንዲት «የ» ሦስት ቦታ ስትሄድ፦ ለታፔላ፣ ለፎርምና ለሲቪ የሚሆን የእንግሊዝኛ መመሪያ

ደሴ ፒያሳ ላይ ቆማችሁ ታፔላ አንብቡ። ወይም ኮምቦልቻ ውረዱና አንብቡ። አማርኛው ቀጥ ያለ ነው። «ጫማ ቤት» ይላል፤ ገብቶናል። ችግሩ ከሥሩ ያለው እንግሊዝኛ ላይ ነው። አንዱ «ሹስ ሾፕ» ይጽፋል። ሌላው «ሹ’ስ ሾፕ» ይላል። ጠንቀቅ ያለው ደግሞ «ሾፕ ኦፍ ሹስ» ያደርገዋል። የቋንቋው ባለቤቶች የሚሉት ግን አራተኛውን ነው፦ «ሹ ሾፕ»።

ጥፋቱ የስንፍና አይደለም። የ«የ» ነው። አማርኛ አንዲት «የ» ይዞ ሁሉን ይሠራል። የሰይድ ሱቅ፣ የመኪና በር፣ የመንገዱ መጨረሻ። እንግሊዝኛ ለሦስቱ ሦስት ቅርጽ አለው፦ «ሰይድ’ስ ሾፕ»፣ «ካር ዶር»፣ «ዚ ኢንድ ኦፍ ዘ ሮድ»። ስለዚህ ሥራችን «የ» ባየን ቁጥር የትኛዋ እንደሆነች መለየት ነው። ታፔላ ለሚሠራ፣ ባነር ለሚያዘጋጅ፣ ሲቪ ለሚጽፍ ተመራቂና ሰነድ ለሚያስተረጉም ሰው ከዚህ በታች ያለው መንገድ ይበቃዋል ብዬ አስባለሁ።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ ሁሉ በፊደላችን ነው የምጽፈው። ከላይ የምትንጠለጠለው ጭረት ’ አፖስትሮፊ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው «ስ» የእንግሊዝኛዋ ኤስ ናት። ስትነበብ አንዳንዴ «ዝ» ትመስላለች፤ አጻጻፏ ግን ያው ነው።

1. «የማን?» ወይስ «የምን?» ብላችሁ ጠይቁ

እንግሊዝኛውን ከመንካታችሁ በፊት አማርኛውን ጠይቁት። «የሰይድ መኪና» የማን ነው? የሰይድ። ባለቤት አለው። «የፖሊስ መኪና»ስ? እዚህ ላይ የምንጠይቀው «የምን መኪና ነው?» ብለን ነው። የፖሊስ ዓይነት መኪና፣ መብራትና ሳይረን ያለው።

«የማን» ከሆነ ’ስ ይገባል። «የምን» ከሆነ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ምንም አትጨምሩ። የመጀመሪያው «ሰይድ’ስ ካር» ነው። ሁለተኛው «ፖሊስ ካር» ነው።

ለመለየት ካስቸገራችሁ አማርኛ ራሱ ምልክት ይሰጣል። በመጀመሪያው ስም ላይ «ው» ወይም «ዋ» ጨምሩና ትርጉሙ ይለወጥ እንደሆነ እዩ። «የፖሊሱ መኪና» ስንል ሐሳቡ ወዲያው ይዞራል። ሰውየው፣ ያ የምናውቀው ፖሊስ፣ ቤቱ ያቆማት የራሱ መኪና ናት። ይህኛው «ዘ ፖሊስማን’ስ ካር» ነው።

ሌላ ምሳሌ። በዓል ባለፈ ማግስት በየሰፈሩ ቆዳ ሊገዛ የሚዞረው ልጅ የሚፈልገው የበግ ቆዳ ነው። የየትኛው በግ እንደሆነ ጉዳዩ አይደለም። ይህ «ሺፕስኪን» ነው፤ አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል። ገና ያልታረደው በግ ጀርባው ላይ ቁስል ወጥቶበት «የበጉ ቆዳ ተጎድቷል» ስትሉ ግን «ዘ ሺፕ’ስ ስኪን» ትላላችሁ።

ይህ የ«ው» ፈተና የሚሠራው ሰው ወይም እንስሳ ላይ ነው። ግዑዝ ነገር ላይ አትመኑት። «የመኪናው በር» ብትሉም እንግሊዝኛው «ዘ ካር ዶር» ነው። በር ባለቤትነት አያውቅም፣ መኪናም ባለቤት አይሆንም ብላችሁ ያዙት። የጠረጴዛ እግር «ቴብል ሌግ»፣ የቤት ቁልፍ «ሃውስ ኪይ»፣ የወጥ ቤት መስኮት «ኪችን ዊንዶው» ነው። አፖስትሮፊ አያስፈልግም።

2. «የምን» ከሆነ «የ»ን አውልቁ

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ምክንያቱም አማርኛም ያደርገዋል። ጫማ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ትምህርት ቤት እንላለን እንጂ የጫማ ቤት፣ የትምህርት ቤት አንልም። «የ» ወልቃ ሁለቱ ስሞች ተጣብቀዋል። ቅደም ተከተሉም ከእንግሊዝኛ ጋር አንድ ነው፤ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል። የፈረስ ውድድር «ሆርስ ሬስ» ነው፤ ውድድር ነው። የውድድር ፈረስ «ሬስሆርስ» ነው፤ ፈረስ ነው። ስለዚህ ቃላቱን መገልበጥ አያስፈልግም። አማርኛው እንደቆመ «የ»ን አንሱና ተርጉሙ።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። የመጀመሪያው ስም ነጠላ ይሆናል። ሱቁ ውስጥ ሺህ ጫማ ቢደረደርም «ሹ ሾፕ» ነው። መጻሕፍት ቤት «ቡክሾፕ» ነው። የአትክልት ሾርባ ውስጥ ካሮትም ድንችም ጎመንም አለ፤ ሜኑ ላይ ግን «ቬጅታብል ሱፕ» ይባላል። «ፍሩትስ ጁስ» የሚል ካያችሁ «ስ»ዋን አውጡለት። የአማርኛ ልማዳችንም ይኸው ነው። «ጫማዎች ቤት» ያለ ሰው የለም።

ያፈነገጡ አሉ። ልብስ ቤት «ክሎዝስ ሾፕ» ነው፤ «ክሎዝስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነጠላ መልክ ስለሌለው። የቁጠባ ሒሳብ «ሴቪንግስ አካውንት»፣ የስፖርት ዕቃ ሱቅ «ስፖርትስ ሾፕ» ነው። የጉምሩክ ቢሮ «ከስተምስ ኦፊስ» ነው። ይቺን በተለይ ጠብቋት፤ «ስ»ዋን ከጣላችሁ «ከስተም» የሚለው ልማድና ወግ ማለት ይሆናል። ዕቃችሁ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ደርሶ ደብዳቤ ስትጽፉ «የልማድ ቢሮ» ብላችሁ እንዳታርፉ።

ሁለቱ ስሞች ተጣብቀው ይጻፉ ወይስ ተለያይተው የሚለው ወጥ ሕግ የለውም። «ቡክሾፕ» ይጣበቃል፣ «ሹ ሾፕ» አይጣበቅም። መድኃኒቱ ዲክሽነሪ ነው። ኦክስፎርድም ሎንግማንም ካምብሪጅም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። ሁለቱን ቃላት አብራችሁ ፈልጉ። ራሱን ችሎ ከወጣ አጻጻፉን ቅዱ።

3. ከ«ቤት» ጋር ተጠንቀቁ

«ቤት»ን ሁሉ «ሃውስ» ብሎ መተርጎም ያስቃል። ሥጋ ቤትን «ሚት ሃውስ»፣ ጸጉር ቤትን «ሄር ሃውስ» ያለ ሰው ከጸጉር የተሠራ ቤት ነው ያስመሰለው።

እንግሊዝኛ እዚህ ጋ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ከዕቃው ይልቅ ባለሙያውን ይጠራል። እንግሊዝ አገር ሥጋ ቤት «በቸር’ስ» ነው፤ የሥጋ ሻጩ ማለት ነው፣ «ሱቅ» የሚለው ተውጦ ቀርቷል። የወንዶች ጸጉር ቤት «ባርበር’ስ» ነው። ጥርስ ሐኪም ጋ መሄድም እንዲሁ፦ «ዴንቲስት’ስ»። አሜሪካኖች ደግሞ ጭረቷን ትተው «በቸር ሾፕ»፣ «ባርበርሾፕ» ይላሉ። ለታፔላ የአሜሪካኖቹን እመርጣለሁ። አጭር ነው፤ ሠዓሊው የሚረሳው ጭረትም የለውም። «የወንዶች የውበት ሳሎን»ንም ቃል በቃል አታምጡት፣ «ባርበርሾፕ» ብቻውን ይበቃል። ዳቦ ቤት በሁለቱም አገር «ቤከሪ» ነው።

ቡና ቤት የባሰ ነው። እኛ ቡና ቤት ስንል ቢራ የሚጠጣበትን ነው። «ኮፊ ሃውስ» ብላችሁ ከተረጎማችሁት እንግዳው ማኪያቶ ሊጠጣ ይገባል። «ባር» በሉት። ሻይ ቤት ግን «ቲ ሃውስ» ቢባል ችግር የለውም።

የጥርስ ክሊኒክ «ቱዝ ክሊኒክ» አይደለም፤ «ዴንታል ክሊኒክ» ነው። የሕክምና ዕቃ «ሜዲካል» ብሎ ይጀምራል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በእንግሊዝኛ «ኢንደስትሪያል ፓርክ» ነው። እንግሊዝኛ አንዳንዴ የመጀመሪያውን ስም ወደ ቅጽል ይለውጠዋል። ይህን በወጥ ሕግ ማስቀመጥ አይቻልም፤ እያዩ መያዝ ነው።

4. «ለእነማን?» የሚል ከሆነ ’ስ ትመለሳለች

አሁን የመጀመሪያውን ደንብ የሚያፈርስ ነገር እንዳመጣ ፍቀዱልኝ። «የሴቶች ጫማ» የማን ነው? የማንም አይደለም፤ ገና መደርደሪያ ላይ ነው። የምን ጫማ ነው ብትሉ ዓይነቱን ይነግራል። በደንባችን መሠረት «ዊሚን ሹስ» መሆን ነበረበት። አይደለም። «ዊሚን’ስ ሹስ» ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ስም ሰው ሆኖ ዕቃው ለእነሱ የተዘጋጀ ከሆነ እንግሊዝኛ እንደ ባለቤት ይቆጥራቸዋል። የወንዶች ልብስ «ሜን’ስ ክሎዝስ»፣ የልጆች ሆስፒታል «ችልድረን’ስ ሆስፒታል»፣ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት «ገርልስ’ ስኩል» ነው። መለያው ቀላል ነው። «የ»ን አውጥታችሁ «ለ… የሚሆን» በሉ። «ለሴቶች የሚሆን ጫማ»፣ ያስኬዳል። «ለመኪና የሚሆን በር» ብትሉም ያስኬዳል፤ ግን መኪና ሰው አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም ይሟላ፦ ሰው ይሁን፣ ለእሱ የሚሆን ይሁን።

ጭረቷ የት ትቀመጥ የሚለው ሁሉንም የሚያስጨንቅ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። መጀመሪያ ባለቤቶቹን ሙሉ በሙሉ ጻፉ። ጭረቷን እርሷት። አንድ ተማሪ ከሆነ «ስቱደንት»፣ ብዙ ከሆኑ «ስቱደንትስ»። ጽፋችሁ ስትጨርሱ የመጨረሻዋን ፊደል እዩ። ቃሉ ብዙ ሆኖ በኤስ ካለቀ ጭረቷን ብቻ መጨረሻው ላይ አንጠልጥሉ፦ «ስቱደንትስ’»። በኤስ ካላለቀ ’ስ ሙሉዋን ጨምሩ፦ «ስቱደንት’ስ»። «ችልድረን»፣ «ሜን»፣ «ዊሚን» ብዙ ናቸው፣ ግን በኤስ አያልቁም። ስለዚህ «ችልድረን’ስ»፣ «ሜን’ስ»፣ «ዊሚን’ስ» ይሆናሉ። «ችልድረንስ’» የሚባል ነገር የለም።

የመምህራን ማረፊያ በር ላይ «ቲቸር’ስ ላውንጅ» ብላችሁ ከለጠፋችሁ ክፍሉን ለአንድ መምህር ብቻ ሰጣችሁት። «ቲቸርስ’ ላውንጅ» ስትሉ ሁሉም ይገባሉ።

የበዓላት ስም ላይ ግን በራሳችሁ አትፍረዱ። ማርች 8 «ኢንተርናሽናል ዊሚን’ስ ዴይ» ነው፣ እንደ ደንቡ። የእናቶች ቀን ግን በነጠላ «ማዘር’ስ ዴይ» ነው። በዓሉን አሜሪካ ውስጥ ያስጀመረችው አና ጃርቪስ እያንዳንዱ ሰው የራሱን እናት እንዲያከብር ፈልጋ ነው ነጠላ ይሁን ብላ የጸናችው። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ቀን ደግሞ «ቬተራንስ ዴይ» ነው፤ ጭረት የሚባል የለውም። ባነር ከማሳተማችሁ በፊት ስሙን አይታችሁ ቅዱ።

5. ከብትና ዶሮ

ለሜኑ ጸሐፊ ይህ ክፍል ያስፈልገዋል። እንስሳው በሕይወት እያለ የሚሰጠን ነገር በአብዛኛው ’ስ ይወስዳል። የላም ወተት «ካው’ስ ሚልክ»፣ የፍየል ወተት «ጎት’ስ ሚልክ»፣ የዶሮ እንቁላል «ሄን’ስ ኤግ» ነው። ታርዶ የሚገኝ ነገር ደግሞ ጭረት የለውም። የዶሮ ሾርባ «ቺክን ሱፕ»፣ የፍየል ቆዳ «ጎትስኪን» ነው።

የግመል ወተት ሁለቱንም ይቀበላል። ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ በግመል ገበያዋ የታወቀችው ባቲ አለችና ቃሉ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ማሸጊያ ላይ ሲጻፍ «ካመል ሚልክ» በብዛት ይታያል፤ ዓይነቱን ነው የሚናገረው። እሱን ብትጠቀሙ አትሳሳቱም።

ሥጋን ግን በዚህ ደንብ አትሥሩት። የበሬ ሥጋ «ኦክስ ሚት» አይባልም፤ «ቢፍ» የሚል የራሱ ቃል አለው። የበግ ሥጋ፣ ጠቦት ከሆነ «ላምብ»፣ ትልቅ በግ ከሆነ «መተን» ነው። «ቢፍ» እና «መተን» ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ የገቡ ናቸው፤ «ላምብ» ግን የእንግሊዝኛው የራሱ ነባር ቃል ነው። የፍየል ሥጋ ግን እንደ አማርኛው «ጎት ሚት» ብሎ ያልፋል።

6. «ኦፍ» የምትገባበት

ብዙ ሰው «ኦፍ»ን የሚወዳት የተማረ ስለምታስመስል ነው። ቦታዋ ግን ጠባብ ነው።

አንደኛ፣ የቦታ ቃል ሲሆን፦ ጫፍ፣ ሥር፣ ጀርባ፣ መሐል፣ መጨረሻ። የጦሳ ተራራ ጫፍ «ዘ ቶፕ ኦፍ ማውንት ጦሳ»፣ የሆቴሉ ጀርባ «ዘ ባክ ኦፍ ዘ ሆቴል» ነው።

ሁለተኛ፣ ባለቤቱ በረጅም ዐረፍተ ነገር ሲገለጽ። «የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጎማ የቀየረልን ልጅ ስም» ብትሉ ’ስን የት ልታንጠለጥሏት ነው? «ዘ ኔም ኦፍ ዘ ቦይ…» ብላችሁ ጀምሩና ታሪኩን ከኋላ አስከትሉ።

ሦስተኛ፣ ዕቃና በውስጡ ያለው ነገር። ይቺን እወዳታለሁ። ምክንያቱም አማርኛው ተገልብጦ ነው የሚነግረን። «አንድ ሲኒ ቡና» ስንል «የ» የለም፤ እንግሊዝኛው ኦፍ ይፈልጋል፦ «ኤ ካፕ ኦፍ ኮፊ»። ቡናው ሲኒው ውስጥ አለ፣ ይጨሳል። «የቡና ሲኒ» ስንል «የ» አለች፤ እንግሊዝኛው ምንም አይፈልግም፦ «ኤ ኮፊ ካፕ»። ረከቦት ላይ የተደረደረው ባዶው ሲኒ ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይና የሻይ ብርጭቆም እንደዚያው ናቸው። ሆቴል ገብታችሁ «ኤ ቲ ግላስ» ብላችሁ ካዘዛችሁ ባዶ ብርጭቆ ቢመጣላችሁ አስተናጋጁን አትቆጡት።

7. ጊዜ፦ ሲቪ የሚጽፍ ሁሉ እዚህ ይቁም

«የ3 ዓመት የሥራ ልምድ» ሲቪ ላይ የማይቀር ሐረግ ነው። «ስሪ ይር ኤክስፒሪየንስ» ተብሎ ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ ትክክል አይደለም። «ስሪ ይርስ’ ኤክስፒሪየንስ» ነው፣ ጭረቷ ከኤስ በኋላ። ጭረቷን ከፈራችሁ «ስሪ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» በሉ። እሱም ንጹሕ እንግሊዝኛ ነው።

«የ3 ወር ኮርስ» ግን ሌላ ነው፦ «ኤ ስሪ-መንዝ ኮርስ»። በመሐል ሰረዝ አለ፣ ወሩ ነጠላ ነው፣ ጭረት የለም። ልዩነቱ ከየት መጣ? ኮርስ ይቆጠራል። አንድ ኮርስ፣ ሁለት ኮርስ ይባላል። ልምድ አይቆጠርም። የማይቆጠር ሲሆን ጭረት፣ የሚቆጠር ሲሆን ሰረዝ ብላችሁ ያዙት። የ2 ሳምንት ፈቃድ «ቱ ዊክስ’ ሊቭ»፣ የ1 ወር ደሞዝ «ዋን መንዝ’ስ ፔይ»፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ደግሞ «ኤ 25-ኪሎሜትር ሮድ» ነው።

ቀን ሲሆን በየሳምንቱ የሚመላለሰውንና አንዴ የሆነውን ለዩ። በየሳምንቱ ሰኞ የሚቆም ገበያ «መንደይ ማርኬት» ነው፤ ዓይነት ነው፣ ስም ነው። «የባለፈው ሰኞ ገበያ ቀዝቃዛ ነበር» ካላችሁ ግን «ላስት መንደይ’ስ ማርኬት» ነው፤ ያ ቀን ባለቤት ሆኗል። የዛሬ ጋዜጣ፣ የትናንት ዋጋም እንዲሁ ’ስ ይወስዳሉ።

ዲግሪያችሁንም እዩት። «ማስተር ዲግሪ» ብሎ መጻፍ ተለምዷል። «ማስተር’ስ ዲግሪ»፣ «ባችለር’ስ ዲግሪ» ነው። የዲግሪው ሙሉ ስም ሲጻፍ ደግሞ «ባችለር ኦፍ አርትስ» ይሆናል፤ ያኔ ጭረቷ ትወጣለች። ሁለቱን አደባልቆ «ባችለር’ስ ኦፍ» ማለት አይቻልም።

8. የቦታ ስም

የተቋም ስም ላይ ’ስ አትጨምሩ። «ደሴ ሙዚየም»፣ «ወሎ ዩኒቨርሲቲ»፣ «ኮምቦልቻ ኤርፖርት»፣ በቃ። «ደሴ’ስ ሙዚየም» ካላችሁ ስሙን ሳይሆን በደሴ ያለ አንድ ሙዚየምን እያወራችሁ ነው። ኦፍ መግባት አለመግባቷም የተቋሙ ምርጫ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ የለውም። ጎንደር ግን «ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር» ብሎ ነው ስሙን የያዘው። ማኅተሙን ወይም ድረ ገጹን አይታችሁ ጻፉ።

ስለ ከተማዋ በወሬ ሲሆን ’ስ ትችላለች፦ «ደሴ’ስ ዌዘር»፣ ያ ብርዷን ለማማት። የተፈጥሮ ቦታ ቅደም ተከተሉ ይለያያል። ተራራና ሐይቅ ስማቸው ከኋላ ይመጣል፦ «ማውንት ጦሳ»፣ «ሌክ ሐይቅ»። ወንዝ ስሙ ከፊት ነው፦ «ቦርከና ሪቨር»።

9. አንድ ፎርም ይዘን እንሞክረው

አንድ ተራ የማመልከቻ ፎርም ይዛችሁ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። «የአባት ስም»፣ ሰው ነው፣ የማን ይባላል፦ «ፋዘር’ስ ኔም»። «የትውልድ ቀን»፣ በወግ ኦፍ ይዟል፦ «ዴት ኦፍ በርዝ»። «የትውልድ ቦታ»ም እንዲሁ «ፕሌስ ኦፍ በርዝ» ነው። ከዚያው ቃል የወጣው «የልደት ምስክር ወረቀት» ግን «በርዝ ሰርተፊኬት» ነው፤ የምን ሰርተፊኬት ነውና። «የቤት ቁጥር»፦ «ሃውስ ነምበር»። «የስልክ ቁጥር»፦ «ፎን ነምበር»። «የጋብቻ ሁኔታ» ወደ ቅጽል ይሄዳል፦ «ማሪታል ስታተስ»። «የመንጃ ፈቃድ» እንግሊዝ ብትልኩት «ድራይቪንግ ላይሰንስ»፣ አሜሪካ ብትልኩት «ድራይቨር’ስ ላይሰንስ» ነው። አማርኛው ላይ ሁሉም በ«የ» ነው የጀመሩት።

10. አንድ ታፔላ

ደንበኛው የሚያመጣው አማርኛ ይህ ነው እንበል፦ «የሰይድ የወንዶች፣ የሴቶችና የልጆች ጫማ መሸጫ»። አምስት መረጃ በአንድ መስመር። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለመተርጎም ከሞከራችሁ ሦስት አራት ጭረት ተደርድሮ ታፔላው ሽቦ ይመስላል።

ለሁለት ክፈሉት። ላይኛው መስመር ስሙ ነው። ሰይድ ባለቤት ነው፣ ጫማ ዓይነት ነው፦ «ሰይድ’ስ ሹ ሾፕ»። ከፊቱ «ዘ» አትጨምሩ፤ የሰው ስም «ዘ» አይፈልግም። ታችኛው መስመር ዝርዝሩ ነው፦ «ሜን’ስ፣ ዊሚን’ስ ኤንድ ችልድረን’ስ ሹስ»። ላይ «ሹ» ነጠላ ነበር፣ ታች «ሹስ» ሆነ። አላበላሸሁም። ላይ ሾፕን የሚገልጽ ቃል ነው፤ ታች ራሱ ዕቃው ነው።

ሱቁ የሰይድና የከድር ቢሆን፣ አብረው ከያዙት ጭረቷ መጨረሻው ላይ አንዴ ትገባለች፦ «ሰይድ ኤንድ ከድር’ስ»። የየራሳቸው ሁለት ሱቅ ከሆነ ለሁለቱም ስጡ። «ሰይድና ወንድሞቹ» የሚል የንግድ ስም ከሆነ ደግሞ «ሰይድ ኤንድ ብራዘርስ» ብቻ፣ ያለ ጭረት።

ደንበኛው «ጭረቷ አታምርም፣ አውጣልኝ» ካላችሁ አትጨቃጨቁ። በንግድ ስም ላይ ይፈቀዳል። «ሃሮድስ» እና «ባርክሌስ» ጭረት የላቸውም። የመጽሐፍ መደብሩ «ዋተርስቶንስ» በ2012 እ.ኤ.አ. አውጥቶ ጥሏታል። «ማክዶናልድ’ስ» ግን ይዟታል። ስም ላይ የባለቤቱ ፈቃድ ይበልጣል። ታችኛው መስመር ላይ ግን አትስሙት፤ «ዊሚን’ስ» ጭረቷን ይዛ ትቀመጥ።

11. ከመታተሙ በፊት

የባነሩን ፋይል ክፈቱና ጭረቶቹን ብቻ ፈልጉ። እያንዳንዷ ጋ ቆማችሁ «ቀጥሎ የማን ነገር አለ?» በሉ። ከሌለ አጥፏት። የዋጋ ዝርዝር ላይ «ጁስ’ስ»፣ «ፒዛ’ስ»፣ «በርገር’ስ» የሚል ከሆነ ብዛት ለማሳየት የገባች ጭረት ናት። ብዛት ጭረት አያውቅም፤ «ጁስስ»፣ «ፒዛስ»፣ «በርገርስ» ነው። እንግሊዞችም ይህን ስሕተት ይሠራሉ። አትክልት ሻጮች ያበዙታል ብለው «የአትክልት ሻጭ አፖስትሮፊ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

«ኢትስ» የምትለዋን ቃል ለብቻዋ እዩ። «የእሱ» ወይም «የእሷ» ብላ ስለ ድርጅት ስትናገር ጭረት የላትም። ጭረት ካላት «ኢት ኢዝ» ማለት ናት። «ካምፓኒው ከደንበኞቹ ጋር» በሚል ማስታወቂያ ላይ የምትገባው ጭረት የሌላት ናት።

መጨረሻ ላይ ስማቸው በኤስ የሚያልቅ ደንበኞች አሉ። ዮሐንስ፣ ጳውሎስ፣ ንጉሥ። «ዮሐንስ’ ሆቴል» ይሁን ወይስ «ዮሐንስ’ስ ሆቴል»? ሁለቱም ትክክል ነው። ቺካጎ ማኑዋል የተባለው የአሜሪካ አርትዖት መመሪያ ’ስ ሙሉዋን ይመርጣል፤ የአሶሺዬትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ጭረቷን ብቻ ያስቀምጣሉ። እኔ ሙሉዋን እጽፋለሁ፣ ስንናገርም ትሰማለችና። እናንተ አንዱን ምረጡና ታፔላው፣ ሜኑውና ደረሰኙ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።